የሸራ ጋራዥ በብርድ አገር፤ ስለ ነፋስ፣ ስለ እሳትና ስለ ጭስ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



«ክረምት» የሚለው ቃል በኢትዮጵያዊ ልቡና የሚቀርጸው ዝናብን፣ ጭቃን፣ ጉምንና ነጐድጓድን ነው። በሞንትሪያል፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም የሚኖረው ኢትዮጵያዊም ይህንኑ ቃል ይዞ ተሰድዶአል፤ ቃሉ በዚያ የሚያመለክተው ነገር ግን ሌላ ነው። ውኃው ከሰማይ የሚወርደው ብናኝ ሆኖ ነው፤ ከወረደም በኋላ ለወራት ይተኛል እንጂ አይፈስም። መሬቱ እንደ ዐለት ይጠነክራል፤ ብረትን በእርጥብ እጅ የነካ ሰው ቆዳውን ትቶ ይመለሳል። በአዲስ አበባ በሐምሌ ዝናብ ከመኪና በታች የሚሠራ መካኒክ የሚሻው ከላይ የሚጋርደውን ብቻ ነው፤ አራት ባላ አቁሞ ሸራ ቢወጥርበት ችግሩ ይቃለላል። በብርድ አገር ግን ያው ሸራ በአራቱም ጎን ተዘግቶ ቤትን መምሰል ይኖርበታል። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው መዘጋቱ ነው፤ የተዘጋ ሸራ ክፍት ሸራ ያልነበረበትን አደጋ ይዞ ይመጣልና።

ተንቀሳቃሽ የሸራ ጋራዥ የሚባለው ዝገት እንዳይበላው ከተለበጠ የብረት ቧንቧ የተገጣጠመ አጽም፣ በላዩም የሚወጠር ልባስ ነው። ለአንዲት የቤት መኪና የሚበቃው በአብዛኛው 3 ሜትር ያህል ስፋትና 6 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ልባሱ ዛሬ ከጥጥ የተሠራ መሆኑ ቀርቶ የተሸመነ ፖሊኤቲሊን ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ፖሊየስተር ሆኖአል፤ ስሙ ብቻ ሸራ እንደ ተባለ ቀርቶአል። በካናዳ በኩቤክ ክፍለ ሀገር ብርዱ ሊገባ ሲል በየቤቱ ደጃፍ ነጫጭ መጠለያዎች ይተከላሉ፤ የሚተከሉበትንና የሚነሡበትን ጊዜም በየከተማው ማዘጋጃ ቤቱ በደንብ ወስኖታል፤ በብዙ ስፍራ ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል ወር ድረስ ነው።

መጠለያው በመጀመሪያ የታሰበው መኪናውን ከበረዶ ለመሸፈን ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ ወዲያው የጥገና ስፍራ ያደርገዋል፤ የሚያስገድደው ምክንያትም ግልጽ ነው። በእነዚህ አገሮች የጋራዥ የእጅ ዋጋ ውድ ነው፤ በኪራይ አፓርታማ የሚኖር ሰው ደግሞ የግንብ ጋራዥ የለውም። በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች ታክሲ በመንዳት፣ ዕቃ በማመላለስ እንጀራቸውን የሚያገኙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ መኪናው የቆመበት ቀን ገቢያቸው የቆመበት ቀን ነው። መኪና ደግሞ የሚታመመው በብርዱ ወራት ነው። ሙሉ ጉልበት ያለው ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ኃይል 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሰጣል፤ በዚያው ሰዓት ግን የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ከባትሪው የሚጠይቀው ጉልበት ከወትሮው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው እስከ ፀደይ ሊጠብቅ አይችልም፤ ዛሬውኑ፣ በዚያው በረዶ ላይ መሥራት አለበት።

ሸራን በብርድ ለሚቆም ሞተር ቤት የማድረግን ዘዴ በይበልጥ ያዳበሩት ባለ አውሮፕላኖች ናቸው። በፈረንሳይ አገር በአንዤ ከተማ ገመድና ሸራ ያመርት የነበረው የቤሶኖ ድርጅት ከእንጨት አጽምና ከሸራ የሚሠራ ተነቃይ የአውሮፕላን መጠለያ አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የዓለም ጦርነትም የፈረንሳይና የብሪታንያ የአየር ክፍሎች በብዛት ተገለገሉበት። ለዚህ ጉዳይ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሰሜን ካናዳና በአላስካ በረሓ ይበሩ የነበሩት አብራሪዎች ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች ማታ በቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ ሲያርፉ በመጀመሪያ የሚያደርጉት የሞተሩን ዘይት ገና ትኩስ ሳለ በቆርቆሮ መቅዳት ነበር፤ ቆርቆሮውንም ወደ ማደሪያቸው ወስደው ከምድጃው አጠገብ ያኖሩታል። ጠዋት በሞተሩ ላይ እስከ መሬት የሚደርስ የሸራ መጋረጃ ያለብሳሉ፤ ከሥሩም ነበልባሉ በግፊት የሚወጣ የነዳጅ ምድጃ ያስገባሉ። ሞተሩ እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ከመጋረጃው ሥር ይጠብቃል፤ የቤንዚን ጠብታ፣ የዘይት ቅባትና ነበልባል በአንድ ሸራ ውስጥ ተሰብስበዋልና። ጠባቂው ለአፍታ ሲዘናጋ የተቃጠሉ አውሮፕላኖች ጥቂት አይደሉም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በሰሜን አየር ማረፊያዎች የተስፋፋው ማሞቂያ፣ በተለይም ኸርማን ኔልሰን በተባለው ፋብሪካ ስም የታወቀው ዐይነት፣ ይህንን ሥርዐት ገለበጠው። እሳቱ ከሸራው ወጥቶ በውጭ ቆመ። ነዳጁ በታሸገ ብረት ውስጥ ይቃጠላል፤ ጭሱ በራሱ ቧንቧ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በብረቱ ዙሪያ ያለፈው ንጹሕ አየር ብቻ በማራገቢያ ተገፍቶ በወፍራም የሸራ ቱቦ ወደ ውስጥ ይገባል። እሳቱ በውጭ፣ ሙቀቱ በውስጥ ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ መመለስ ያሻል፤ አስቀድሞ ግን ስለ ነፋስና ስለ በረዶ ክብደት መነጋገር ያስፈልጋል፤ ያልቆመ ድንኳን ሊሞቅም አይችልምና።

የሸራ ጋራዥ ለሠራተኛው የሚያደርግለት ትልቁ ውለታ ነፋስን መከልከል ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነበት ቀን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ቢነፍስ፣ ካናዳና አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚሠሩበት ስሌት መሠረት፣ የሰው ገላ ብርዱን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንደ ሆነ አድርጎ ይቀበለዋል። ሸራው ነፋሱን ሲያቆም ለእጅና ለፊት ብቻ 10 ዲግሪ አተረፈ ማለት ነው፤ ይህም ያለ አንዲት ሳንቲም ነዳጅ የተገኘ ትርፍ ነው። በሌላ በኩል ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ነፋስ ብረትን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም። በሸራው ውስጥ ያደረው ቡሎን በውጭ ካደረው እኩል ቀዝቅዞ ይገኛል። ስለዚህ ሸራው ሰውየውን እንጂ መኪናውን አላሞቀውም።

ነፋሱን የከለከለ ሸራ ግን የነፋሱን ጉልበት ራሱ መሸከም አለበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 12 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል። የመጠለያው የጎን ግድግዳ 12 ካሬ ሜትር ቢሆን ከ140 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ግፊት ያርፍበታል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ እንግዲህ 570 ኪሎ ግራም ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ቀላሉ ዐይነት መጠለያ ደግሞ ከነብረቱ 100 ኪሎ ግራም አይሞላም። በክብደቱ ብቻ እንዲቆም የተተወ መጠለያ አንድ ሌሊት ከጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

ኢትዮጵያዊ ለድንኳን እንግዳ አይደለም። ጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት ከመቆርቆሯ በፊት የነገሥታቱ መቀመጫ ለረጅም ዘመን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚጓዝ የድንኳን ሰፈር ነበር፤ «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ «ከተመ» ማለትም ሰፈረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የሠርግና የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ያየ ሁሉ ካስማና አውታር ምን እንደ ሆኑ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ግን በብርድ አገር ሁለት እንቅፋት ያጋጥመዋል። የመጀመሪያው የመሬቱ መቀዝቀዝ ነው፤ በዲሴምበር ካስማ ልትከል የሚል ሰው መዶሻውን ይሰብራል። መሬቱ ሳይጠነክር፣ በመጸው ወራት፣ እንደ ቡሎን እየተሽከረከረ የሚገባውን የብረት ካስማ አስቀድሞ መትከል ያስፈልጋል። ሁለተኛው እንቅፋት አስፋልቱ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቡሎን ይታሰራል፤ ካልፈቀደ ግን በየእግሩ ከባድ ክብደት ይታሰርለታል። ለክብደት በበርሜል ውኃ የሚሞሉ አሉ፤ ውኃው ሲረጋ ይሰፋና በርሜሉን ይሰነጥቀዋል፤ ደረቅ አሸዋ ይሻላል።

የበረዶው ነገር ደግሞ እንደሚከተለው ነው። በአማርኛ ሁሉም «በረዶ» ይባል እንጂ ክብደቱ እጅግ ይለያያል። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ አንድ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ውኃ የጠጣው እርጥብ በረዶ 300 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል። 18 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣራ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ በረዶ ቢተኛ 180 ኪሎ ግራም ነው፤ ያው ከፍታ ያለው እርጥብ በረዶ ግን 540 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ነው። ስለዚህ በረዶው እየወረደ ሳለ፣ ገና ጥቂት ሳለ፣ ከውስጥ በመጥረጊያ ጀርባ ሸራውን ቀስ ብሎ ከፍ እያደረጉ ከሁለቱም ወገን በተመጣጠነ ሁኔታ ማንሸራተት ነው። ጣራው አንድ ጊዜ ከጎበጠ በኋላ መኪናውን ለማዳን ብሎ ከሥሩ መግባት ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ወደ ሙቀት ይመለሷል። ሸራው ከነፋስ ካዳነ በኋላ ሠራተኛው ሁለተኛውን ምኞት ይመኛል፤ ውስጡን ላሙቀው ይላል። ይህን ምኞት በቁጥር መመዘን ያስፈልጋል። የመጠለያው ጣራና ግድግዳ በጠቅላላ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ድርብ ያልሆነ ልባስ ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ውስጡን ከውጭው በ20 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ እንግዲህ 7,200 ዋት ያስፈልጋል፤ ያውም በቀዳዳው ሾልኮ የሚወጣው ሞቃት አየር ሳይቈጠር። በሰሜን አሜሪካ ከቤት ሶኬት ጋር የሚሰካው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት ነው። እርሱ ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ የድንኳኑን አየር ከውጭው በ4 ዲግሪ ብቻ ያስበልጠዋል። ከዜሮ በታች 15 የነበረው ከዜሮ በታች 11 ሆነ ማለት ነው።

ሰው ወደ ነበልባል የሚሄደው ይህን ሲያይ ነው። የፕሮፔን ምድጃ፣ የላምባ ማሞቂያ፣ አንዳንዴም የሥጋ መጥበሻው የከሰል ምድጃ ወደ ሸራው ውስጥ ይገባል። ሌላው ደግሞ ቀላሉን መንገድ መርጦ የመኪናውን ሞተር ራሱን አስነሥቶ ከሙቀቱ ይጠቀማል። የብርድ አገር የሸራ ጋራዥ ሰው የሚገድለው እዚህ ላይ ነው፤ ከነፋሱና ከበረዶው ይልቅ ይህ ሊሰፋ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ እሳት። ብዙ ሰው ቤንዚን በብርድ እንደሚታገሥ ያስባል። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል፤ በሚኒሶታ የክረምት ሌሊት ተኖ የሚቀጣጠል ነገር ነው ማለት ነው። ተኑ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ የምድጃው ነበልባል ደግሞ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በክፍት ስፍራ ነፋስ ይበትነው የነበረውን ተን ሸራው አቅፎ ይይዘዋል። ልባሱስ? እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1944 በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ አንድ ትልቅ የሰርከስ ድንኳን በእሳት ጋይቶ ከ160 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ በቤንዚን በሟሟ ፓራፊን ሰም ተነክሮ ነበርና እሳቱ ድንኳኑን የጨረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የዛሬው ልባስ እንደዚያ አይሠራም፤ እሳት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራም ይገኛል። ቢሆንም እሳት ይቋቋማል ማለት አይቀጣጠልም ማለት አይደለም፤ ፖሊኤቲሊን በሚቃጠልበት ጊዜ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ጠብታውም የሚያርፈው ከሥሩ በተኛው መካኒክ ላይ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ጋን ማውረድ፣ የነዳጅ መስመር መፍታትና ብየዳ በሸራ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሥራዎች አይደሉም። ይህንን ሥራ የሚፈልግ መኪና በጎታች ተጎትቶ ወደ ጋራዥ መሄድ አለበት፤ ወጪው ቢያስመርርም።

ቀጥሎ ስለ ጭስ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከደም ቀይ ቅንጣት ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለ ሆነ፣ ጥቂቱ እንኳ ለኦክሲጅን የተሰናዳውን ስፍራ ይወስድበታል። በኢትዮጵያ ይህ ጠላት በሌላ ስም የታወቀ ነው። በርና መስኮት ዘግቶ፣ ያልጋመ ከሰል አስገብቶ የተኛ ቤተ ሰብ ጠዋት ሳይነሣ መቅረቱን ያልሰማ ሰው የለም፤ «ከሰል ገደላቸው» ይባላል። የከሰሉ ምድጃና የመኪናው ማርሚታ የሚተፉት መርዝ አንድ ነው። በደጃፍ ያለው የሸራ ጋራዥም ሲዘጋ ያው በሩና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ነው።

ምን ያህል በፍጥነት እንደሚገድል በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። 3 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ መጠለያ 43 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም 43,000 ሊትር አየር ይይዛል። ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለ ጭነት ሲሠራ በደቂቃ 300 ሊትር ያህል ጭስ ያወጣል እንበል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነዳጁ በዝቶ ይገባል፤ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ አጣሪም 300 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ሥራውን አይጀምርም። በዚህ ጊዜ ከጭሱ 3 በመቶው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሆን በደቂቃ 9 ሊትር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ብሎ የወሰነው መጠን ከሚሊዮን እጅ 1,200 እጅ ነው። በ43,000 ሊትር አየር ውስጥ ይህ 52 ሊትር ይሆናል። 52 ለ9 ሲካፈል 6 ደቂቃ አይሞላም። «ለአፍታ አስነሥቼ ድምፁን ልስማው» የሚለው አነጋገር የሚወስደው ጊዜ ከዚህ አይርቅም።

አደጋው የሚብሰው በሽታው ሌላ በሽታ ስለሚመስል ነው። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና ድካም ይሰማል፤ በብርድ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ጎንብሶ የሠራ ሰው ደግሞ እነዚህን ሁሉ ከብርዱና ከሥራው ነው ብሎ ይተረጕማቸዋል። መታመሙን ባወቀ ጊዜ እግሩ አልታዘዝ ሊለው ይችላል። ጓደኛ አብሮ መሥራቱም አያድንም፤ ሁለቱም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነውና አብረው ይወድቃሉ፤ የሚጠብቀው ሰው ከሸራው ውጭ መሆን አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው፣ ከቃጠሎ አደጋ ጋር ባልተያያዘና ሳይታሰብ በሚደርስ የዚህ ጋዝ መመረዝ በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ይሞታሉ። የቤት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ገዝቶ በሸራው ውስጥ ማንጠልጠልም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ አብዛኛዎቹ የተሠሩት ከዜሮ በላይ 4 ዲግሪ ከሆነ ጀምሮ እንዲሠሩ ነው፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ዝም ቢል ጭስ የለም ማለት አይደለም።

የፊተኛውን መጋረጃ ከፍቶ ሞተር ማስነሣት ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። አንድ ወገኑ ብቻ የተከፈተ ድንኳን እንደ ከረጢት ነው፤ ነፋሱ በተከፈተው በኩል ሲነፍስ ጭሱን መልሶ ወደ ውስጥ ይከተዋል። ትክክለኛው አሠራር ሞተሩ የሚነሣው መኪናው ተገፍቶ ከሸራው ከወጣ በኋላ ብቻ እንዲሆን ነው። ባትሪ የቀየረ ሰው መኪናውን ለመግፋት ጎረቤት መለመን ቢያሳፍረው እንኳ ማስነሻውን ከመንካቱ በፊት መለመን አለበት።

እንግዲህ እንዴት ይሞቃል? በሰሜን አየር ማረፊያዎች የተገኘው መልስ ለመኪናም ያው ነው፤ እሳቱ በውጭ፣ ሙቀቱ በውስጥ። ጭሱ ከሚነፋው አየር የማይደባለቅበት ማሞቂያ በውጭ፣ ከነፋሱ በታች በኩል ተቀምጦ በቱቦ ቢነፋ፣ ጭሱም በንፋሱ ወደ ሸራው እንዳይመለስ ቢጠበቅ፣ ድንኳኑ ሊሞቅ ይችላል። በገበያ ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ማራገቢያ ያለው ምድጃ ግን ነበልባሉንና አየሩን አንድ ላይ የሚነፋ ነው፤ መልኩ ስለሚመሳሰል ገዢውን ያታልለዋል። ጥሩውን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ድንኳኑን ለማሞቅ መሞከሩን ትቶ ራሱንና የሚሠራበትን ዕቃ ቢያሞቅ ይሻለዋል። ያችው 1,500 ዋት ማሞቂያ፣ ነዳጅ በማይነካበት ሥራ፣ ከሰውየው አንድ ሜትር ርቃ ወደ እጁ ብትዞር የድንኳኑን አየር ለማሞቅ ከምትደክም ይልቅ ብዙ ትረዳዋለች። መፍቻዎቹ ሌሊት በቤት ውስጥ ይደሩ። ባትሪው ተፈትቶ ሙቀት ወዳለበት፣ አየር ወደሚመላለስበት ስፍራ ይወሰድ። ባትሪው ባዶ ከሆነ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ውስጡ ሊረጋ ይችላል፤ ሙሉ የሆነው ግን እስከ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። የረጋን ባትሪ ኃይል ለመሙላት መሞከር ሊያፈነዳው ይችላል።

በውስጥ የሚነደው ምድጃ ያለው ሌላው ጉዳት ብዙ አይነገርለትም። 1 ኪሎ ግራም ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። 7,000 ዋት የሚሰጥ ምድጃ እንግዲህ በየሰዓቱ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በድንኳኑ ውስጥ ይነዛል። ያ እንፋሎት ከቀዝቃዛው ልባስ ሲደርስ ጠል ይሆናል፤ ምድጃው ሲጠፋ ይረጋል፤ በማግሥቱ ሲሞቅ ደግሞ በተከፈተው ሞተር፣ በኤሌክትሪክ ማያያዣዎችና በተፈታው ፍሬን ላይ ይዘንባል። በዚህ ላይ መንገዱ ሁሉ ጨው የተበተነበት ነው። በመኪናው ሥር የተጣበቀው ጨዋማ በረዶ ብርድ ላይ እያለ ብዙም አይጎዳም፤ ሲቀልጥ ግን የፍሬን ቧንቧውን መብላት ይጀምራል። መኪናውን በሸራ ውስጥ ሞቅ ቀዝቀዝ እያደረገ ያከረመ ሰው ጥሎት ከከረመው ይልቅ ዝገት ሊያተርፍ ይችላል። ለዚህ ነው ከታች ያሉት የአየር መተላለፊያዎች በበረዶ ሳይደፈኑ መቆየት ያለባቸው።

በሸራ ጋራዥ በመልካም ሁኔታ የሚሠሩት ባትሪ መቀየር፣ ካንዴላ፣ መብራት፣ ቺንጋ፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ናቸው፤ በጋራዥ ቋንቋ ሁለተኛው ሸራ ይህ ነው፤ ያለ እርሱ ደግሞ የመጀመሪያው ሸራ ዋጋ የለውም። ቀለም መቀባትና ስቱኮ መለጠፍ ግን ለበጋ ይቆዩ፤ በብርድ አይያዙም። መኪናውን ለማንሣት ክሪኩ የሚቆምበት ስፍራ እስከ አስፋልቱ ተጠርጎ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍለት፤ ከተነሣ በኋላም በብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ እንጂ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ከሥሩ አይግባ። እዚህ ላይ ሙቀቱ ራሱ ጠላት ይሆናል። ጠዋት ከድንጋይ ይልቅ ጠንክሮ መቆሚያውን የተሸከመው በረዶ ድንኳኑ ሲሞቅ ከሥሩ መቅለጥ ይጀምራል፤ መቆሚያውም ያዘነብላል። በየሰዓቱ መለስ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብርዱ አልፎ መጠለያው በሚነሣበት ጊዜ ልባሱን በሚረጋ ቀን ማጠፍ አይገባም፤ በብርድ የደረቀ ፕላስቲክ በታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃል። ፀሐይ ያለበት፣ ለስለስ ያለ ቀን ተጠብቆ፣ ጨውና ጥቀርሻው በውኃ ታጥቦ፣ ሁለቱም ገጽ እስኪደርቅ ተሰጥቶ ከዋለ በኋላ ይጠቀለላል። የብረቱ መገጣጠሚያዎች ሲፈቱ በየቁጥራቸው ምልክት ይደረግባቸው፤ የጎበጠውም ቧንቧ በዚያው ሳምንት ይቀየር፤ በሚቀጥለው ኦክቶበር የሚተክለው ሰው የትኛው እንደ ጎበጠ አያስታውስም።